በቀን አንድ ፎቶግራፍ፣ በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ የውጭ ቋንቋን በማኅበራዊ ድረ ገጾች መለማመድ

አዳማ፦ በአዳማ ከተማ ሆቴሎች አዳራሾች ውስጥ በሚካሄዱ የሥልጠናና የምክክር መድረኮች ላይ የተገኘ ሰው አንድ የተለመደ ሁኔታ ሳያስተውል አይቀርም። በግድግዳው ላይ የሚታየው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ ማብራሪያውና ውይይቱ ግን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይካሄዳል። ተሳታፊው ጽሑፉን ያነባል፤ ይረዳል፤ ማስታወሻም ይይዛል። በሻይ ዕረፍት ላይ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ ረከቦቱ ጠጋ ብሎ ስለ ጀበናው፣ በአፉ ላይ ስላለው ውታፍ፣ ከማጨሻው ስለሚወጣው የእጣን ጢስ ሲጠይቅ ግን፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሠላሳ ገጽ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ያገላበጠው ባለሙያ ቃል ያጥረዋል። ስለ ስትራቴጂክ ዕቅድ አፈጻጸም በእንግሊዝኛ ሁለት አንቀጽ መጻፍ የማይከብደው ሰው፣ በእጁ ስለያዘው ሲኒ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይቸገራል።

ይህ ሁኔታ ከሠራተኛው ስንፍና የመነጨ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ አገልግሏል። በኦሮሚያ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተከታተለ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክስንም ሥነ ሕይወትንም ታሪክንም የሚያገኛቸው በእንግሊዝኛ ነው። በመሆኑም የሚያከማቸው ቃል የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጥናት ወረቀት ቃላት ይታከሉበታል፤ ሥራ ሲይዝ ደግሞ የመመሪያና የሪፖርት ቃላት ይደረቡበታል። በደጁ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ በየመንገዱ የቆመው ጋሪ፣ የጉሊቷ ሸራ በየትኛውም የትምህርት ደረጃ አልገጠሙትም። እንግሊዝኛው ሐሳብ አለው፤ ዕቃ ግን የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማንበብና ማዳመጥ ብቻቸውን መናገርንና መጻፍን እንደማያስገኙ በሌላ አገር የተደረገ ጥናትም አመልክቷል። ካናዳዊቷ የቋንቋ ተመራማሪ ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነው ለዓመታት በፈረንሳይኛ እንዲማሩ የተደረጉ የካናዳ ሕፃናትን ሁኔታ ፈትሸዋል። ሕፃናቱ የሚሰሙትንና የሚያነቡትን በመረዳት ረገድ ጥሩ ውጤት ቢያሳዩም፣ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ከቋንቋው ተወላጆች በግልጽ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። የተመራማሪዋ ማብራሪያ ቀላል ነው። አንባቢ የሰዋስው ዝርዝሩን ባያስተውል እንኳ ከዐውዱ ገምቶ ፍሬ ነገሩን ይይዛል። ጸሐፊ ግን መገመት አይችልም፤ ግሱን በየትኛው ጊዜ እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛውን መስተዋድድ እንደሚመርጥ የግድ መወሰን አለበት። ጉድለቱ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ የአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ገለጻ ውስጥ ራሱን ማግኘቱ አይቀርም።

በቅርብ ዓመታት በማኅበራዊ ድረ ገጾች የተስፋፋ አንድ የልምምድ ዘዴ በትክክል ይህንን ክፍተት የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ዘዴው የመነጨው ከቋንቋ ትምህርት ሳይሆን ከፎቶግራፍ ወዳዶች ነው። ፍሊከር እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኢንስታግራም ደግሞ በ2010 ሥራ ከጀመሩ በኋላ በየዕለቱ አንድ ፎቶግራፍ የማንሳትና የመለጠፍ ልማድ በብዙ አገሮች ተለመደ። ቀጥሎም በወሩ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቃል የሚመድብ ዝርዝር ማውጣት መጣ። ለአንዱ ቀን "በር"፣ ለሌላው "ክብ ነገር"፣ ለሦስተኛው "ከመስኮት የሚታይ" ይባልና ተሳታፊው ከቃሉ ጋር የሚስማማ ፎቶግራፍ አንስቶ ያወጣል። የውጭ ቋንቋ ተማሪዎች ይህንኑ ዝርዝር ወስደው በፎቶግራፉ ሥር በሚማሩት ቋንቋ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ጀመሩ። ሌላው ቀርቶ የዕለቱ ቃል ራሱ በሚማሩት ቋንቋ የሚቀርብባቸው ዝርዝሮች አሉ።

መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ግን ዕድሜ ጠገብ ነው። ሞራቪያዊው መምህር ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 በኑርንበርግ ባሳተመው የሕፃናት መጽሐፍ፣ የዳቦ ቤቱን፣ የአናጺውንና የገበሬውን ሥራ በሥዕል አሳይቶ በሥዕሉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ በቁጥር ለይቷል፤ ከጎኑም በላቲንና በጀርመንኛ ገለጻ አኑሯል። በእኛም አገር ቢሆን ከዕቃው ጋር አብሮ የገባ የውጭ ቃል ሥር ሰድዶ መቅረቱ የታወቀ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ ሲያልፍ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ የፈረንሳይኛ ሰዋስው ሳይማር ጣቢያውን በዓይኑ እያየ ስሙን ሰማና "ለገሃር" ብሎ የራሱ አደረገው። ሐዲዱ ሥራ ካቆመም በኋላ ቃሉ አልተረሳም።

ዘዴው ለፈተና ዝግጅት ያለው ጥቅምም የሚናቅ አይደለም። ቶይክ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና የንግግር ክፍል ተፈታኙ የቀረበለትን ፎቶግራፍ በቃሉ እንዲገልጽ ሲጠይቅ ቆይቷል፤ የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተናም ፎቶግራፍ አሳይቶ በጽሑፍ የማስገለጽ ልማድ አለው። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በብዛት የሚጠየቀው የአይልትስ አካዳሚክ ፈተና የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ ደግሞ ሰንጠረዥን ወይም ሥዕላዊ መግለጫን ቢያንስ በ150 ቃላት ማብራራት ነው። በዓይን የሚታየውን ነገር በሥርዓት የመግለጽ ልምድ ያላዳበረ አመልካች በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የሚያጣውን ነጥብ በሌላው ክፍል ለማካካስ ይቸገራል።

አሠራሩን በአንድ የአዳማ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ከተማዋ በኮረብታዎች በተከበበ ዝቅተኛ ሥፍራ ላይ በመቆርቆሯ በክረምት ወራት የጎርፍ ስጋት እንደማይለያት ይታወቃል። የዕለቱ ቃል "ውኃ" ነው እንበል። ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲያመራ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ፎቶግራፍ ያነሳል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚታየውን ነገር ይሰይማል፤ "ይህ በአስፋልቱ ዳር የሚገኝ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው።" ሁለተኛው ያለበትን ሁኔታ ይገልጻል፤ "ቦዩ በፕላስቲክ ጠርሙሶች ተዘግቷል።" ሦስተኛው ከፎቶግራፉ ውጪ ወጥቶ ምክንያትን ወይም ውጤትን ይናገራል፤ "ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተጠርጎ ቢሆን ኖሮ ውኃው ወደ መንገዱ ባልወጣ ነበር።" እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የተነሳ ሰው በመጀመሪያው ላይ ስም ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ላይ አድራጊው ያልተጠቀሰበትን የግስ አገባብ ይጠቀማል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ በትምህርት ቤት ሲሸመድደው ከኖረው የ"ቢሆን ኖሮ" አገባብ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ልዩነቱ አሁን የሚናገረው ነገር ያለው መሆኑ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ስለ ለንደን ዝናብ ሲያወራ፣ ይህኛው የራሱን ጫማ ስላበሰበሰው ውኃ ያወራል።

የሦስቱ ደረጃ ቅደም ተከተል ባይዛባ ይመረጣል። ብዙ ጀማሪዎች በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ይዘልሉና "የአካባቢ ጥበቃ ለልማት አስፈላጊ ነው" የሚል ከሪፖርት የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ፎቶግራፍ ሥር ቢቀመጥ ስለሚሄድ አዲስ ቃል አያስተምርም። ፎቶግራፉን ያላየ ሰው ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ምስሉን በአእምሮው ሊስለው ካልቻለ ልምምዱ ዓላማውን ስቷል።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉት የኦሮሚያ ከተሞች ለዚህ ልምምድ የሚሆን በቂ ርዕሰ ጉዳይ አላቸው። በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ የጉምሩክ ወይም የትራንስፖርት ባለሙያ የኮንቴነሩን ስም ያውቃል፤ የበሩን ማሸጊያ፣ የተጨረማመተውን ጎን፣ የረጠበውን ካርቶን በእንግሊዝኛ መግለጽ ግን ሌላ ነገር ነው። የጉዳት መግለጫ የሚጻፈው ደግሞ በእነዚሁ ቃላት ነው። በመተሃራ የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና የባቡር መስመሩን ሲፈታተን ኖሯል፤ አንድ የውኃ ባለሙያ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ በየወሩ የሚያነሳው ፎቶግራፍ "ከዚህ በፊት" እና "አሁን" የሚያነጻጽር ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ያስገድደዋል። በባቱ ከተማ ዳርቻ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣውን ቆሮሶና አምባዛ በየዕለቱ የሚመለከት የግብርና ሠራተኛ በሪፖርቱ ላይ "የዓሣ ሀብት ልማት" ብሎ ሲጽፍ ከርሞ ሊሆን ይችላል። መረቡ፣ ታንኳው፣ የዓሣው ቅርፊትና ክንፍ፣ ዓሣውን የሚበልተው ሰው ቢላዋ አያያዝ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ የሚጠይቀው ግን ፎቶግራፉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ችግር ይነሳል። ፎቶግራፉ ውስጥ ያሉ ብዙ ነገሮች በእንግሊዝኛ ስም የላቸውም። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በሚከበረው የኢሬቻ በዓል ላይ እናቶች የሚይዙት ሲንቄ፣ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ረከቦት በመዝገበ ቃላት አቻ አይገኝላቸውም። ተለማማጁ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነገር መተርጎም ሳይሆን ማስረዳት ይሆናል። ረከቦት ማለት ሲኒዎች የሚደረደሩበት እግር ያለው አጭር የእንጨት ጠረጴዛ ነው፤ ይህን በእንግሊዝኛ ለማለት የሚያስፈልጉት ቃላት ሁሉ የአምስተኛ ክፍል ቃላት ናቸው። ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሚጠቀምበት መናገር የቻለ ሰው ያላወቀው ቃል ሁሉ አያስቆመውም። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ስለ ባህሉ ለውጭ እንግዳ የማስረዳት ኃላፊነት የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ብቻ ሆኖ አልቀረም። የከተማ አስተዳደር ሠራተኛም፣ የሆቴል ተቆጣጣሪም፣ የትራፊክ ፖሊስም ይጠየቃሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከዘዴው ጥቅሞች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው የማስረዳት ልምድ ነው።

ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ብቻም አይደለም። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ምርት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አካባቢው የውጭ ቋንቋ ከሚናገሩ ባለሙያዎች ጋር ሲሠራ ኖሯል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችና የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ በቻይና ተቋራጮች ሲገነቡ ቻይንኛ ለመማር የተነሳሱ ወጣቶች ታይተዋል። ቻይንኛ ዛፍን፣ በግንና ወረቀትን ለመቁጠር የተለያዩ የመቁጠሪያ ቃላት ስለሚጠቀም፣ በየቀኑ "ስንት ይታያል?" ብሎ ፎቶግራፍን መግለጽ ለቋንቋው ተማሪ የተመቸ ልምምድ ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመለስ፣ ፎቶግራፍ የአማርኛ ተናጋሪን ሁለት ሥር የሰደዱ ስህተቶች አደባባይ ያወጣል። አንደኛው የመስተዋድድ ነው። የአማርኛው "በ" ብዙ ሸክም የሚችል ፊደል ነው፤ በቤት፣ በጠረጴዛ ላይ፣ በስምንት ሰዓት፣ በመኪና፣ በቢላዋ ሁሉ በአንድ "በ" ይታለፋሉ። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ "ኢን"፣ "ኦን"፣ "አት"፣ "ባይ" እና "ዊዝ" እያለ ይለያያል። ሪፖርት ሲጻፍ ይህ ልዩነት በረጅም ሐረጎች መካከል ይደበቃል። ጀበናው ከሰሉ ላይ፣ ከሰሉ ማንደጃው ውስጥ፣ ማንደጃው በሩ አጠገብ ሆኖ ሲታይ ግን መደበቂያ የለም። ሁለተኛው አንድ ነገር የታወቀ ወይም ያልታወቀ መሆኑን የሚያሳዩት "ኤ" እና "ዘ" የተባሉት ትናንሽ ቃላት ናቸው። አማርኛ "ቤት" እና "ቤቱ" ብሎ የታወቀውን በቃሉ መጨረሻ ላይ በሚጨምረው ድምፅ ይለያል፤ ያልታወቀውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምልክት ይተወዋል። ስለዚህ ጸሐፊያችን "ዘ"ን ቢያስታውስ እንኳ "ኤ"ን ይዘነጋል። አንድን ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስተዋውቆ በሁለተኛው መልሶ መጥራት፣ የሦስቱ ዓረፍተ ነገር ልምምድ በየቀኑ የሚያስደርገው ነገር በመሆኑ ሁለቱን ቃላት በየተራ ያስፈትሻል።

የዘዴው ዋነኛ ድክመት የሚታየውም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ ስህተቱ አደባባይ ቢወጣም የሚያርመው አይገኝም። በማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ፎቶግራፍ ሠላሳ ሰው "ወድጄዋለሁ" ቢለውም፣ የተወደደው ፎቶግራፉ እንጂ ሰዋስው አይደለም። ጓደኛ በይሉኝታ ስህተትን ያልፋል፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ አስተያየት ሲሰጥ ማሾፍ ይቀናዋል። ያልታረመ ስህተት ለሦስት ወር በየቀኑ ከተደጋገመ ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ከሆነ በኋላ መንቀሉ ከመጀመሪያው ትምህርት ይከብዳል። በመሆኑም ለሰፊው ሕዝብ ከመለጠፍ ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ባልደረቦች የሚገኙበት ዝግ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን ማቋቋም ይመረጣል። እያንዳንዱ አባል የራሱን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከጻፈ በኋላ የአንድ ሌላ አባል ጽሑፍ ላይ አንድ እርማት ብቻ እንዲያደርግ መስማማት ይቻላል። ዐሥር ስህተት በአንድ ጊዜ የታረመበት ሰው በማግስቱ ላይጽፍ ይችላል። እንግሊዝኛን የሚናገር ጎረቤት ያላቸው ደግሞ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ለምሳሌ በሻሸመኔ የሰፈሩ የጃማይካ ተወላጆች ለከተማዋ ነዋሪዎች እንግሊዝኛን በጆሮ የመስማት አጋጣሚ ፈጥረዋል፤ አነጋገራቸው ከመማሪያ መጽሐፉ መለየቱም ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ ተርጓሚ ፕሮግራሞችም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የጉግል የትርጉም አገልግሎት አማርኛን በ2008 ዓ.ም.፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በ2014 ዓ.ም. አካትቷል። በአሁኑ ጊዜ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች የተጻፈን ዓረፍተ ነገር አርመው ምክንያቱን ጭምር ያስረዳሉ። አጠቃቀሙ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በአማርኛ ጽፎ ማስተርጎም ከልምምዱ ውስጥ ሥራውን አውጥቶ ለማሽን መስጠት ነው። በራስ አቅም በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ቀጥሎ እርማት ጠይቆ፣ በመጨረሻም የታረመውን ዓረፍተ ነገር ሳያዩ በእጅ መልሶ መጻፍ ግን ጠቃሚ ነው። ወጪውም ብዙ አይደለም፤ ለልምምዱ የሚያስፈልገው ፎቶግራፍ ጥራቱ ዝቅተኛ ሊሆን ስለሚችል ከመላኩ በፊት መጠኑን መቀነስ ይቻላል። የኢንተርኔት አገልግሎት በማይኖርበት ጊዜ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በደብተር መጻፍና በኋላ ማስገባት የልምምዱን ተከታታይነት ይጠብቃል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ከሰዋስው በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ የፎቶግራፉ ይዘት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች መካከል በሕዝብ ፊት የተከናወኑ ድርጊቶችና ሥነ ሥርዓቶች ይገኙበታል፤ በመስኮት አገልግሎት ለማግኘት ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ግን በዚህ ውስጥ ይገባል ብሎ ማሰብ አያስተማምንም። ከዚህም ባሻገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ በሕግ ሥር አድርጎታል። "ጠረጴዛዬ" ለሚለው የዕለት ቃል የተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ከቡና ሲኒው ኋላ የአንድ ባለይዞታ ማኅደር፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የተከፈተ የኮምፒውተር ገጽ ሊታይ ይችላል፤ አንሺው ሲኒውን ብቻ ነበር ያየው። የጥበቃ፣ የወታደራዊና መሰል ተቋማትን ፎቶግራፍ ማንሳትም አይፈቀድም፤ የአየር ኃይል በሚገኝባት ቢሾፍቱ ከሐይቆቹ ውበት ጋር ይህም ሊታሰብ ይገባል። አስተማማኙ መንገድ ከመሥሪያ ቤት ይልቅ መንገድን፣ ገበያን፣ ቤትንና ምግብን ርዕስ ማድረግ ነው። ሰው ካስፈለገ ደግሞ እጅ ብቻ ማንሳት ይቻላል፤ እንጀራ የሚያሰፋ እጅ ከፊት ይልቅ ብዙ ግስ ያስጽፋል።

የሥራ ሰዓትን የተመለከተው ጥያቄ ከኃላፊዎች ዘንድ መነሳቱ የሚጠበቅ ነው። ባለጉዳይ ቆሞ እያለ ስልኩን የሚጎረጉር ሠራተኛ "እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው" ቢል የሚሰማው አይኖርም፤ ሊሰማውም አይገባም። ልምምዱ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ በመሆኑ በሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ፣ በምሳ ዕረፍት ወይም ማታ በቤት ሊከናወን ይችላል። ሌላው እንቅፋት ክብር ነው። ጀማሪው ሠራተኛ ቢሳሳት ይሳቅበትና ያልፋል፤ የመምሪያ ኃላፊው በበታቾቹ ፊት መሳሳትን ግን አይፈልግም። በተግባር እንደሚስተዋለው በእንግሊዝኛ መድረክ ላይ ቀድመው ዝም የሚሉትም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያሉት ናቸው። ለእነርሱ ከመሥሪያ ቤታቸው ውጪ ካሉ እኩዮቻቸው ጋር ቡድን መመሥረት ይሻላል።

ለውጡ የሚለካው በ"ወድጄዋለሁ" ብዛት አይደለም። የመጀመሪያውን ቀንና የሠላሳኛውን ቀን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመሳሳዩ እርማት ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ መቁጠር የተሻለ መለኪያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተጠየቁት አዳዲስ የዕቃ ስሞች በአራተኛው ሳምንት ያለ መዝገበ ቃላት ከተጻፉም ቃላቱ ተይዘዋል ማለት ነው። ለዚህ ሲባል አንድን ርዕስ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ጠቃሚ ነው።

ይኸው ዘዴ የውጭ ቋንቋ ላልሆነውና በአዳማ ለሚሠራ ሠራተኛ በየዕለቱ ለሚያስፈልገው አፋን ኦሮሞም ያገለግላል። ቋንቋው በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ በ1984 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ሆኗል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ከአማርኛ በተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ከታሰቡት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከሌላ አካባቢ ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ቋንቋውን በጆሮው ቶሎ ቢለምደውም ሲጽፍ የአናባቢው ርዝመት ያስቸግረዋል፤ የግዕዝ ፊደል ይህንን ልዩነት ስለማያሳይ ዓይኑ አልለመደውም። አናባቢው አጥሮ ሲነገር መሬት ማለት የሆነው "ላፋ"፣ ሁለቱም አናባቢዎች ረዝመው በድርብ ፊደል ሲጻፉ ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይሆናል። የታረሰ መሬት ፎቶግራፍ አንስቶ በሥሩ የጻፈ ሰው ፊደሎቹን ካበዛቸው መሬቱን መሰየሙ ቀርቶ ደካማ ነው እያለ ነው። እዚህ ላይ ግን አራሚ ፍለጋ በኢንተርኔት መዞር አያስፈልገውም፤ ቀጣዩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባልደረባው ጽሑፉን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢያነብለት ስህተቱ ወዲያውኑ ይሰማል።